ግፊቱን የሚሸከመው ዓይን

ዓይን ክብ ሆኖ የሚቆየው ከውስጥ ስለሚገፋ ነው። ቅርጹን የሚጠብቅለት አጥንት የለውም። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከውጪው አየር ትንሽ ከፍ ባለ ግፊት ግድግዳውን ወጥሮ ያቆመዋል። ይህ ግፊት በአብዛኛው ጤነኛ ሰው ላይ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው ክልል ውስጥ ይውላል። ግፊቱ በጣም ከወረደ ግድግዳው ይላላል፣ ብርሃንም ሬቲናው ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን ላይ በትክክል አያርፍም። ከበዛ ደግሞ ከግድግዳው ሁሉ ደካማ የሆነው ቦታ አስቀድሞ ይጎዳል። ይህ ለመካኒካል መሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም። የጋዝ ሲሊንደርም ሆነ የመንገደኛ አውሮፕላን አካል የሚሰላው በዚሁ ሕግ ነው።

እኔ የተማርኩት ስለ ብረት ነው። ስለ ዓይን ማንበብ የጀመርኩት አክስቴ ግላኮማ የሚባለው፣ የዕይታ ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ እንዳለባት ከተነገራት በኋላ ነው። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ግፊትዎ 16 ነው፣ ደህና ነው ይሉኛል። መልሰው ደግሞ ነርቭዎ እየሞተ ነው ይሉኛል። ደህና የሆነ ነገር እንዴት አድርጎ ይገድላል?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። እንደ እርሷ ያሉ ታካሚዎችም ጥቂቶች አይደሉም። በጃፓን ታጂሚ ከተማ ተካሂዶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የታተመ ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንዳሳየው፣ ዋነኛው የግላኮማ ዓይነት ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል 92 በመቶ የሚሆኑት ሲለኩ ግፊታቸው ከ21 አላለፈም ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን የማንንም ዓይን ዕጣ አይወስንም። አንድ መሐንዲስ የጫናው መጠን ሲነገረው ወዲያው የሚያስከትላቸው ጥያቄዎች አሉ፤ ጫናውን የሚሸከመው ምንድን ነው? ውፍረቱ ስንት ነው? ምን ያህል ግትር ነው? ቀዳዳውስ የት ላይ ነው? የዓይን ሕመምን ለመረዳት እነዚህ ጥያቄዎች ከቁጥሩ እኩል ሊጠየቁ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ ግን ቁጥሩ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል፤ በምርመራ ክፍል ውስጥ የዓይንን ግፊት በቀጥታ የሚለካ ሰው የለምና። ታካሚው አገጩን በማሽኑ ማሳረፊያ ላይ ያደርጋል። ማደንዘዣ ጠብታና ፍሎረሰሲን የሚባል ቢጫ ቀለም ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ ሰማያዊ ብርሃን ያበራና ጫፏ ጠፍጣፋ የሆነች ትንሽ ሾጣጣ ወደ ኮርኒያው ማለትም ወደ ዓይኑ ግልጽ የፊት ሽፋን ያስጠጋል። ጫፏ ዓይኑን ስትነካ በማይክሮስኮፑ ውስጥ ሁለት አረንጓዴ ግማሽ ክቦች ብቅ ይላሉ፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች። ሐኪሙ ከጎን ያለውን መዘውር ቀስ እያለ ያዞራል፤ ክቦቹ እየተጠጉ ይመጡና ውስጠኛ ጠርዞቻቸው ሲነካኩ እጁን ያቆማል።

በዚያች ቅጽበት ኮርኒያው ላይ የተደፈጠጠው ክብ 3.06 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። ሃንስ ጎልድማን በ1950ዎቹ ይህን መሣሪያ ሲሠራ ይህችን ቁጥር የመረጠው በምክንያት ነው። ኮርኒያው አልደፈጠጥም ብሎ ሾጣጣዋን ወደ ውጪ ይገፋል፤ የእንባው የገጽ ውጥረት ደግሞ ወደ ራሱ ይስባታል። በዚህ ስፋት ላይ ሁለቱ ኃይሎች ይጣፋሉ ተብሎ ይታሰባል። በዚያ ላይ 1 ግራም ክብደት በዚህ ስፋት ላይ ሲያርፍ የ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ይሆናል፤ ሐኪሙ መዘውሩ ላይ ያነበበውን በ10 ከማባዛት በቀር ሌላ ስሌት አያስፈልገውም። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለሰውየው ያደረብኝ አክብሮት እስከ ዛሬ አልቀነሰም።

ይሁን እንጂ ማጣፋቱ የሚሠራው ኮርኒያው ጎልድማን የገመተውን ያህል ማለትም ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ሲኖረው ነው። ወፍራም ኮርኒያ የበለጠ ስለሚያስቸግር ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስስ ኮርኒያ ደግሞ በቀላሉ ስለሚደፈጠጥ እውነተኛውን ግፊት ይደብቃል። መነጽር ላለማድረግ ብለው ኮርኒያቸውን በሌዘር ያስተካከሉ ሰዎች ቁጥራቸው ዝቅ ብሎ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን ማድረጋቸውን ለሚመረምራቸው ሐኪም ሁሉ መናገር አለባቸው። ከፍ ያለ ግፊት ያላቸውን ሰዎች ለዓመታት የተከታተለና በ2002 ውጤቱ የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናትም ኮርኒያቸው ስስ የሆኑት ወደ ግላኮማ የመሸጋገር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የኮርኒያን ውፍረት መለካት የግላኮማ ምርመራ አንድ አካል ሆኗል።

ግፊቱ የሚፈጠረው በፍሰት ነው። ከአይሪስ ማለትም ብሌኑን ከከበበው ባለቀለም ክፍል በስተጀርባ ያለ ቀለበት መሰል አካል በደቂቃ 2.5 ማይክሮ ሊትር ገደማ ንጹሕ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ በብሌኑ በኩል ወደ ፊት ያልፍና አይሪስና ኮርኒያ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ባለ ስስ የሕብረ ሕዋስ መረብ ተጣርቶ የሽለም ቦይ ወደሚባል ጠባብ መስመር ይገባል፤ ከዚያም ከደም ሥር ይቀላቀላል። ጥቂቱ በሌላ መንገድ ይወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚመነጨውን መጠን ለመውጫው ቅለት አካፍሎ በመድረሻው ደም ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት መደመር ብቻ ነው። ለምሳሌ በደቂቃ 2.5 ማይክሮ ሊትር ይመንጭ፣ መውጫው ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 0.3 ማይክሮ ሊትር ያሳልፍ፣ የደም ሥሩ ግፊት 8 ይሁን፤ ውጤቱ ከ16 ጥቂት ከፍ ይላል። መውጫው በግማሽ ቢጠብ ግን 25 ይደርሳል። በግላኮማ ግፊት የሚጨምረው ፈሳሹ ስለበዛ ሳይሆን መውጫው ስለጠበበ ነው።

የጠበበው ቦታ የት እንደሆነ ለማወቅ አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ሞርተን ግራንት ከሟቾች በተወሰዱ ዓይኖች ላይ ፈሳሽ እያሳለፈ ለካ። በ1963 ባሳተመው ሥራው መረቡን ሲቆርጠው የፍሰቱ ተቃውሞ ሦስት አራተኛው ገደማ መጥፋቱን ዘገበ። ፍለጋው ከዚያ በኋላ እየጠበበ ሄዶ ዛሬ የሚያተኩረው ከቦዩ ውስጠኛ ግድግዳና እሱን ከሚያዋስነው ቀጭን ንብርብር ላይ ነው። ፈሳሹ በዚያ ግድግዳ የሚያልፈው በጣም ጥቃቅን በሆኑ ቀዳዳዎች በኩል ነው፤ ቀዳዳዎቹን የሚከፍቱት ደግሞ በግፊቱ የሚለጠጡት ሕዋሳት ራሳቸው ናቸው። በ2014 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት ከግላኮማ ታማሚዎች የተወሰዱ እነዚህ ሕዋሳት ይበልጥ ግትር እንደሚሆኑና የሚከፍቷቸው ቀዳዳዎችም እንደሚያንሱ አሳየ። የሕዋስን ውስጣዊ አጽም አላልቶ መውጫውን የሚያቀል ኔታርሱዲል የተባለ የዓይን ጠብታ በታኅሣሥ 2017 በአሜሪካ ተፈቅዷል። አንድ መድኃኒት የሕብረ ሕዋስን ግትርነት ዒላማ አድርጎ ሲሠራ ማየት ለእኔ ቢጤው ትልቅ ደስታ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን የአክስቴን ጥያቄ አይመልስም። የእርሷ መውጫ አልጠበበም፤ ግፊቷ 16 ነው። መልሱ ያለው ከዓይኑ በስተኋላ፣ ቀዳዳው ላይ ነው።

በክብ ዕቃ ውስጥ ያለ ግፊት ግድግዳውን በጎን በኩል ይጎትተዋል። የዚህ ጉተታ ወይም ውጥረት መጠን ግፊቱ በራዲየሱ ተባዝቶ ለሁለት እጥፍ ውፍረቱ ሲካፈል ይገኛል። ራዲየሱ 12፣ የነጩ ግድግዳ ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ዓይን እንውሰድ። ግድግዳው የሚሸከመው ውጥረት የግፊቱ 7.5 እጥፍ ነው። ውፍረቱ 0.5 ብቻ በሆነ ሌላ ዓይን ላይ 12 እጥፍ ይሆናል። የሁለቱም ባለቤቶች ግፊት 16 ነው፤ ካርዳቸው ላይ የሚጻፈውም 16 ነው። የአንደኛው ግድግዳ ግን ከሌላው ከግማሽ በላይ ጨምሮ እየተጎተተ ነው።

አሁን በዚህ በተወጠረ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይበጅ። በሁሉም አቅጣጫ እኩል በሚጎተት ሰሌዳ ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ በጠርዙ ላይ ያለው ውጥረት ከሌላው ቦታ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተጎተተ ሦስት እጥፍ። ይህን ጀርመናዊው መሐንዲስ ኪርሽ በ1898 አስልቶ አሳትሞታል። የአውሮፕላን ሠሪዎች ትምህርቱን በደም ከፍለው ነው ያጸኑት። በ1954 ሁለት ኮሜት የተባሉ የመንገደኛ ጄቶች በአየር ላይ ተሰባብረው በውስጣቸው የነበሩት ሁሉ አለቁ፤ በምርመራው የተደረሰበት ምክንያት ከአካላቸው መክፈቻዎች ማዕዘን አጠገብ የጀመረ፣ ተደጋጋሚ ጫና ብረትን ሲያደክም የሚፈጠር ስንጥቅ ነበር። ከዚያ በኋላ መክፈቻን ማጠናከር ለማንም ንድፍ አውጪ ክርክር የሌለው ግዴታ ሆነ።

የዓይን ቀዳዳ የዕይታ ነርቭ የሚወጣበት ነው፤ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ተፈጥሮም ጠርዙን አጠናክራዋለች። በሌላው የግድግዳው ክፍል በየአቅጣጫው የሚተላለፉት ኮላጅን የተባለው ጠንካራ ፕሮቲን ጭረቶች ቀዳዳው ዙሪያ ሲደርሱ ቀለበት ሠርተው ይዞሩታል። አንድ መሐንዲስ ሊያጠናክር ቢነሳ ጭረቶቹን የሚያኖራቸው እዚያው ነበር። ይህን በማይክሮስኮፕ ምስል ላይ ሳየው ለረጅም ጊዜ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ቀዳዳው ባዶ አይደለም። ላሚና ክሪብሮዛ የሚባል፣ እንደ ወንፊት የተበሳሱ ስስ ሽፋኖች የተደራረቡበት አካል ይሞላዋል። ከሬቲናው የሚመጡ ከ1 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ጭረቶች በእነዚያ ቀዳዳዎች አልፈው ወደ አንጎል ይሄዳሉ። ከፊት የዓይኑ ግፊት ይጫነዋል፤ ከኋላ ደግሞ አንጎልን የከበበው ፈሳሽ በራሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ አነስ ባለ ግፊት ይመልሰዋል። ስለዚህ ለዚህ ስስ አካል ወሳኙ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ሲለጠጥ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ላሚናውም ከጠርዙ ተይዞ ወደ ጎን ይጎተታል። በነርቭ ጭረቶቹ ውስጥ ከሕዋሱ አካል ወደ ጫፉ፣ ከጫፉም ወደ ሕዋሱ ያለ ማቋረጥ የሚጓጓዝ ነገር አለ። በ1970ዎቹ በጦጣዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የዓይን ግፊት ከፍ ሲል ይህ ማጓጓዣ ልክ ላሚናው ላይ ሲደርስ እንደሚታገድ አሳይተዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳመነኝ ሃሪ ኩይግሊና ኤርል አዲክስ በ1981 ያሳተሙት ሥራ ነው። ላሚናውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት በላይኛውና በታችኛው ክፍል ያሉት ቀዳዳዎች ሰፋ ያሉ፣ በመካከላቸው ያለው ደጋፊ ሕብረ ሕዋስም የሳሳ መሆኑን አገኙ። በግላኮማ አስቀድመው የሚጎዱት የነርቭ ጭረቶች በእነዚያው በላይና በታች የሚያልፉት ናቸው። ታካሚው ዕይታውን ሲመረመር ከመሃሉ በላይ ወይም በታች በቅስት መልክ የጠፋ ክፍል የሚገኝበት ለዚህ ነው። በሽታው የሚተወው ቅርጽ የመዋቅሩን ድካም ተከትሎ ይሄዳል።

ኢያን ሲጋል፣ ጆን ፍላናጋንና ሮስ ኢቲየር በ2005 ይህን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ስሌት አስገቡት። ድልድይና ሞተር በሚሰላበት ዘዴ ዓይንን በጥቃቅን ቁርጥራጮች ከፋፍለው፣ አንድ በአንድ ነገሮችን እየቀያየሩ የነርቩን ራስ ማለትም ነርቩ ከዓይን የሚወጣበትን ቦታ ይበልጥ የሚያዛባው የትኛው እንደሆነ ፈተሹ። ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣው የነጩ ግድግዳ ግትርነት ሆኖ ተገኘ፤ የዓይኑ መጠን ተከተለ። ግፊቱ ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ነው የመጣው።

ለአክስቴ የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ «ግፊትሽ ለሌላ ሰው ዓይን ደህና ሊሆን ይችላል፤ ለአንቺ ዓይን ግን ይከብዳል» አልኳት። «ታዲያ ጠብታውን ለምን ያዙልኛል?» አለችኝ። መልሱ በ1998 የታተመ ጥናት ውስጥ አለ። ግፊታቸው መደበኛ በሆነ የግላኮማ ታካሚዎች ላይ ግፊቱን በ30 በመቶ ገደማ መቀነስ የበሽታውን ጉዞ አዘግይቷል። ግድግዳውን ማወፈር አንችልም፤ ጫናውን መቀነስ ግን እንችላለን። ለደከመ ድልድይ የክብደት ገደብ የሚወጣለትም በዚሁ ሐሳብ ነው። ሆኖም መካኒክስ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። የደም ፍሰት፣ ዘርና የነርቭ ደጋፊ ሕዋሳት የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

የግፊቱ ልዩነት ሚዛኑን ሲለቅ ምን እንደሚሆን የጠፈር ተመራማሪዎች ዓይን አሳይቷል። በ2011 የታተመ ጽሑፍ ለ6 ወራት ያህል በጠፈር ጣቢያ የቆዩ ሰባት ሰዎችን ዓይን መረመረ። የተወሰኑት ላይ የነርቩ ራስ አብጦ፣ የዓይናቸው ጀርባ ጠፍጥፎ፣ የቅርብ ዕይታቸውም ተዳክሞ ተገኘ። ክብደት በሌለበት ፈሳሽ ወደ ራስ ስለሚሸሽ ነገሩ ከላሚናው ጀርባ ካለው ግፊት ጋር ይያያዛል ተብሎ ይታሰባል።

ኬራቶኮነስ የሚባለው የኮርኒያ በሽታ ከዚህ ለየት ይላል፤ እዚያ የሚሸነፈው የፊቱ መስኮት ነው። ኮርኒያ ከ200 በላይ ስስ የኮላጅን ንብርብሮች የተደራረቡበት አካል ነው። አንድ ቦታ ላይ ከደከመ ያ ቦታ ከአካባቢው ይበልጥ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይሳሳል፤ ሲሳሳ የሚደርስበት ውጥረት ይጨምራል፤ ውጥረቱ ደግሞ መልሶ ያደክመዋል። እንዲህ እየዞረ ኮርኒያው ወደ ሾጣጣ ቅርጽ ይሄዳል፣ ዕይታውም ይዛባል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ወይም በወጣትነት ነው። ዓይንን አጥብቆ የማሸት ልማድ ከበሽታው ጋር በተደጋጋሚ ተያይዟል፤ የሚያሳክክ ዓይን ያለው ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ።

መነጽርና ልዩ ሌንስ የተዛባውን ዕይታ ቢያስተካክሉም መዋቅሩ ሲደክም አያስቆሙትም። በጀርመን ድሬስደን የነበሩት ዎለንሳክ፣ ሽፖርልና ዛይለር ግን ራሱን ሕብረ ሕዋስ ማጠንከር መረጡ። ቫይታሚን ቢ2 የሆነው ራይቦፍላቪን ለግማሽ ሰዓት ኮርኒያው ላይ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ ለሌላ ግማሽ ሰዓት የተመጠነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያርፍበታል። በኮላጅኑ ጭረቶች መካከል አዲስ ማያያዣዎች ይፈጠራሉ። በላቦራቶሪ በሰው ኮርኒያ ቁራጮች ላይ ሲለካ ግትርነቱ 4.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በ2003 የመጀመሪያዎቹን ታካሚዎች ውጤት አሳተሙ፤ በ23 ዓይኖች ላይ የተሞከረው ይህ ሕክምና ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። በሽታው እየገፋ ያለ ወጣት በጊዜ ከደረሰ ኮርኒያው ባለበት ሊቆም ይችላል።

ስለ ርቀት ማየት ችግር ብዙ አልልም። አዋቂ ሰው ዓይኑ ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ከረዘመ መነጽሩ በመነጽር ኃይል መለኪያ ወደ 3 ዳይኦፕተር ይጠጋል። ይህ ርዝመት የሚመጣው ነጩ ግድግዳ በዝግታ ሲለጠጥና ሲሳሳ ነው፤ ቀደም ባለው ስሌት ራዲየሱ ጨምሮ ውፍረቱ ቀነሰ ማለት ነው። መነጽራቸው በጣም የወፈረ ሰዎች ግላኮማና የሬቲና መላቀቅ ይበልጥ የሚያሰጋቸው በመሆኑ፣ መነጽሩ ቢያሳያቸውም ምርመራውን መተው አይገባቸውም።

መድኃኒት ግፊቱን ማውረድ ሲያቅተው ቀዶ ሐኪሞች ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ያበጁለታል፤ አንዱ መንገድ ትንሽ ቱቦ መትከል ነው። በቱቦ ውስጥ የሚፈስ ነገር የሚገጥመው ተቃውሞ ዲያሜትሩ በሰፋበት እጥፍ አራት ጊዜ እየተካፈለ ይቀንሳል። ውስጡ 300 ማይክሮ ሜትር የሆነ ቱቦ 50 ማይክሮ ሜትር ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ስድስት እጥፍ ብቻ ነው፤ ተቃውሞው ግን ከ1,200 ጊዜ በላይ ያንሳል። ሰፊው ቱቦ ብቻውን ከተተወ ፈሳሹን አንዴ ለቆ ዓይኑን ያላላዋል፤ ስለዚህ ወይ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በክር ይታሰራል፣ ወይ ቫልቭ ይገጠምለታል። የቅርብ ጊዜዎቹ ቀጫጭን ቱቦዎች ግን ርዝመታቸውና ስፋታቸው አስቀድሞ ተሰልቶ ተቃውሞውን ራሳቸው እንዲሸከሙ ተደርገዋል።

ስሌቱ እዚህ ድረስ ንጹሕ ነው። ፈሳሹ ከቱቦው ወጥቶ የዓይኑን ነጭ በሚሸፍነው ስስ ቆዳ ሥር ሲጠራቀም ግን ሰውነት በዙሪያው ጠባሳ መሥራት ይጀምራል። ጠባሳውን የሚሠሩት ሕዋሳት የሚቆሙበትን ነገር ግትርነት ይለያሉ፤ በደረቀ ቦታ ላይ ሲሆኑ ይበልጥ ይጎትታሉ፣ ይበልጥም ኮላጅን ያመርታሉ፣ ቦታውም ይበልጥ ይደርቃል። ብዙ የተሳኩ ቀዶ ሕክምናዎች ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚዘጉት በዚህ ነው። ሐኪሞች ጠባሳውን ለማዘግየት ማይቶማይሲን የተባለ መድኃኒት በቀዶ ሕክምናው ወቅት ይጠቀማሉ። ተመራማሪዎች ደግሞ ሕዋሳቱ ደረቅ ቦታ ላይ እንደቆሙ እንዳይሰማቸው የሚያደርግ ለስላሳ ማቴሪያል እየፈለጉ ነው።